አሮጌ መፍቻ ከመወልወሉ በፊት ይነበብ

በየጋራዡ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው፣ በየቧንቧ ሠራተኛው ከረጢት ውስጥ ተወሽቀው፣ በየመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ጥግ ላይ ተከምረው ከሚገኙት የእጅ መሣሪያዎች መካከል አፉ የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻን ያህል ብዙ ሰው የሚያውቀው፣ ዳሩ ግን ጥቂት ሰው ብቻ ልብ ብሎ የተመለከተው ዕቃ ማግኘት ያስቸግራል። ብሎን የላላበት ሁሉ ያነሣዋል፤ ሥራው ሲያልቅም መልሶ ይጥለዋል። በእጀታው ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ምን እንደሚል፣ አንገቱ ስለ ምን ወደ ጎን እንደ ዘመመ፣ ወንድሙ የሆነው ተስተካካይ ፒንሳስ ስለ ምን ጉድጓድ ጉድጓድ እንዳለበት የሚጠይቅ ሰው አይበዛም።

ውድ አንባብያን፣ አሮጌ የእጅ መሣሪያዎችን ለይቶ የመሰብሰብ ልማድ በአውሮፓና በአሜሪካ ሥር ከሰደደ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። በእኛ አገር አሮጌ ብረት የሚሰበስበው በአመዛኙ ቆራሌው ነው፤ የብረቱም መድረሻ ወይ መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው፣ ወይ የማቅለጫ ምድጃ ነው። ቆራሌውን አንነቅፍም። የምናለሽ ተራ ባለእጆች ከተጣለ ብረት አዲስ ዕቃ የሚያወጡበት ብልሃት የምህንድስና ተማሪ ሁሉ ቆሞ ሊያየው የሚገባ ትምህርት ነው። የሚያሳስበን ሌላ ነው። ብረቱ በኪሎ ይመዘናል፣ ዋጋው ይከፈላል፣ በላዩ የተጻፈው ግን ሳይነበብ ይቀልጣል። ከመቅለጥ የተረፈውም ቢሆን በሽቦ ብሩሽና በመፍጫ ድንጋይ እስኪያበራ ድረስ ይፋቅና ቀለም ይቀባል። ስለዚህ እኛ የምንከራከርለት ሐሳብ ይህ ነው፤ ተስተካካይ መፍቻዎችና ፒንሳዎች እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ሰነድ ሊሰበሰቡ ይገባል። ሰነድ ደግሞ በቅድሚያ ይነበባል እንጂ በቅድሚያ አይታጠብም።

ለመሆኑ መሣሪያው የምን ሰነድ ነው? ይህን ለመመለስ ወደ ተፈለሰፈበት ዘመን መለስ ማለት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ፋብሪካ ብሎኑንና ዳዶውን በራሱ ልክ ይሠራ ነበር። የአንዱ ዳዶ ለሌላው ብሎን አይሆንም። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትወርዝ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ የሆነ አንድ ወጥ የብሎን ልክ ያቀረበው በ1841 ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ሴለርስ 60 ዲግሪ የሆነ ሌላ ልክ ያቀረበው በ1864 ሲሆን፣ በሚሊሜትር የተመሠረተው ዓለም አቀፍ ልክ ደግሞ በ1898 ዙሪክ ላይ ስምምነት አገኘ። እንግዲህ ከዚያ በፊት የነበረ መካኒክ የማያውቀው ማሽን ዘንድ በተጠራ ቁጥር የማያውቀው ዳዶ ይጠብቀዋል ማለት ነው። አፉን ከማንኛውም ዳዶ ጋር የሚያስማማ መፍቻ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው።

የትውልድ ዘመኑም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የዉስተር ከተማ ነዋሪ የነበረው ሎሪንግ ኮስ በብሎን የሚስተካከል መፍቻ ፓተንት ያገኘው በሚያዝያ 16 ቀን 1841 ነው። በእንግሊዝ አገር የሪቻርድ ክላይበርን መፍቻ በ1842 ተከተለ። የሣር ማጨጃ ማሽንን በ1830 የፈለሰፈው ኤድዊን በዲንግም በዚያው አካባቢ በብሎን የሚስተካከል መፍቻ ሠርቶ ነበር። የኮስ ዓይነቱ መፍቻ መንጋጋዎቹ ከእጀታው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠሩ፣ መልኩም መዶሻ የሚመስል ነው፤ በእንግሊዝኛ «የዝንጀሮ መፍቻ» ይሉታል። ቻርልስ ሞንኪ የተባለ ሰው በ1858 ፈልስፎት በስሙ ተጠራ የሚለው ትረካ በሰብሳቢዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ይደጋገማል። ስያሜው ግን ከዚያ ዓመት በፊት በታተሙ ጽሑፎች ላይ ስለሚገኝ ትረካው አይቆምም። ስለ አሮጌ መሣሪያ የሚነገር ጣፋጭ ታሪክ ሁሉ በዚህ ዓይነት መፈተን አለበት እንላለን።

ዛሬ በየእጃችን የሚገኘው፣ አንገቱ ዘመም ያለው ዓይነት ግን የስዊድን ልጅ ነው። ዮሐን ፔተር ዮሐንሶን (1853–1943) በኤንሾፒንግ ከተማ የራሱን የሜካኒክ ወርክሾፕ የከፈተው በ1886 ነው። በ1888 የቧንቧ መፍቻ፣ በ1892 ደግሞ ተስተካካዩን መፍቻ በፓተንት አስመዘገበ። በጠቅላላው ከአንድ መቶ በላይ ፓተንት የነበረው ሰው ነው። መሣሪያዎቹን ይሸጥለት የነበረው ቢ.ኤ. ዩርት የተባለ ነጋዴ ሲሆን፣ የዚህ ነጋዴና የድርጅቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ ባኮ የሚለውን የንግድ ምልክት ሰጡ። በአሜሪካ ደግሞ በኒው ዮርክ ግዛት ጄምስታውን ከተማ በ1907 የተቋቋመው ክረሰንት የተባለ ኩባንያ ተመሳሳዩን መፍቻ እጅግ አድርጎ ስላሠራጨው፣ ብዙ አሜሪካውያን የማንም ፋብሪካ ቢሆን ተስተካካይ መፍቻን «ክረሰንት» እያሉ ይጠሩታል።

የስሙ ነገር ከተነሣ አንድ የሚያስፈግግ ነገር እንጨምር። ጣሊያኖችና ስፔናውያን መሣሪያውን «የእንግሊዝ ቁልፍ» ይሉታል፤ ቱርኮችም እንዲሁ። ፖላንዳውያንና ሀንጋሪያውያን «የፈረንሳይ ቁልፍ» ሲሉት፣ ዴንማርካውያን «የስዊድን ቁልፍ» ይሉታል፤ በዕብራይስጥም እንዲሁ የስዊድን ቁልፍ ነው። ሁሉም ከሌላ አገር የመጣ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። እያንዳንዱ ስም ዕቃው ወደዚያ አገር በማን በኩል እንደ ገባ የሚጠቁም ፍንጭ ሊሆን ይችላል። የእኛም ጋራዥ ቋንቋ ከዚህ የተለየ አይደለም። ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ዳዶ፣ ብሎን የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የተወረሱ መሆናቸውን መካኒኩ ባያስበውም፣ በየቀኑ ከአፉ ይወጣሉ።

ለእኛ አገር ይህ መሣሪያ የተለየ ትርጉም አለው የምንለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የፈረንሳይን የሚሊሜትር ልክ ይዞ መጣ። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የጣሊያን መኪኖች፣ በኋላም ሾፌሮቻችን ኤንትሬ ብለው የሰየሙት የፊያት የጭነት መኪና የመጡት በዚያው በሚሊሜትር ነው። የእንግሊዝ ላንድሮቨርና የአሜሪካ መኪኖች ደግሞ በኢንች መጡ። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ጥቂት ይመስላል። 11/16 ኢንች ማለት 17.46 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ ለዚህ ልክ የተሠራ ቋሚ መፍቻ በ17 ሚሊሜትር ዳዶ ላይ ቢገባ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይተርፋል፤ ይህችም ክፍተት የዳዶውን ማዕዘን ለመብላት በቂ ናት። በአንጻሩ 3/4 ኢንች 19.05 ሚሊሜትር በመሆኑ ከ19 ጋር ያለ ችግር ይሠራል። የሁለቱንም ዓለም መፍቻዎች አሟልቶ መግዛት የማይችል መካኒክ አንድ ተስተካካይ መፍቻ ይዞ ሁለቱንም ያገለግል ነበር። አውሮፓ ውስጥ ልክ ወጥ ከሆነ በኋላ መሣሪያው የችኩል ሰው መፍቻ ተብሎ ሲናቅ፣ በእኛ ጋራዥ ውስጥ ግን የተፈለሰፈበትን የመጀመሪያ ሥራ ገና እየሠራ ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ንባቡ እንግባ። መሣሪያው ከተጻፈበት ፊደል በፊት በቅርጹ ይናገራል፤ ከሁሉም ይልቅ በአንገቱ ማዕዘን። ብዙዎቹ የድሮ የአሜሪካ ተስተካካይ መፍቻዎች ጭንቅላታቸው ከእጀታው 22.5 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። በኋላ የመጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 15 ዲግሪ ናቸው። ምክንያቱን ለማግኘት ጥቂት ጂኦሜትሪ ይበቃል። መፍቻው በጠባብ ቦታ ሲሠራ ጥቂት ዞሮ እንቅፋት ይገጥመዋል። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው መፍቻውን አውጥቶ ይገለብጠዋል። ሲገለበጥ ጭንቅላቱ ቀድሞ ወደ ግራ ያዘነበለውን ያህል ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ በመሆኑም የመንጋጋው አቅጣጫ በማዘንበያው ማዕዘን እጥፍ ይለወጣል። ስድስት ጎን ያለው ዳዶ በየ60 ዲግሪው ራሱን ይመስላል፤ የዚህ ግማሽ 30፣ የ30 ግማሽ 15 ነው። ስለዚህ 15 ዲግሪ ያዘነበለ መፍቻ እየተገለባበጠ ባለ ስድስት ጎን ዳዶን በ30 ዲግሪ ክፍተት ብቻ ሊያዞር ይችላል። አራት ጎን ያለው ዳዶ ግን ራሱን የሚመስለው በየ90 ዲግሪው ነው፤ ግማሹ 45፣ የግማሹም ግማሽ 22.5 ይሆናል። እነሆ፣ 22.5 ዲግሪ የሆነ አንገት ያለው መፍቻ አራት ማዕዘን ዳዶ የበዛበትን ዘመን በአንገቱ ተሸክሞ ይዞራል። ዳዶዎቹ ከገበያ ከወጡ በኋላ እንኳ ቅርጹ በልማድ ስለ ቆየ፣ ማዕዘኑ ብቻውን የተሠራበትን ዓመት አይወስንም። የትውልድ ሐረጉን ግን ያሳያል። ይህን ለመለካት የሚያስፈልገው የተማሪ ፕሮትራክተር ብቻ መሆኑ ደግሞ ደስ ያሰኘናል።

ከቅርጹ ቀጥሎ ጽሑፉ ይነበባል። እዚህ ላይ የሕግ ታሪክ ለሰብሳቢው ትልቅ ውለታ ውሎለታል። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ከሚያዝያ 1 ቀን 1927 በፊት ፓተንት የተሰጠው ዕቃ የሚቀረጽበት ፓተንቱ የተሰጠበት ቀን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለተሰጠ ፓተንት ግን የሚቀረጸው ቁጥሩ ሆነ። ስለዚህ ቀን ብቻ የያዘ የአሜሪካ መፍቻ በአብዛኛው ከዚያ ዘመን በፊት ወይም በዚያው ዙሪያ የታሰበ ንድፍ ነው። የጀርመን ዕቃ ላይ ዲ.አር.ፒ. የሚሉት ፊደላት ከ1877 ወዲህ፣ ዲ.አር.ጂ.ኤም. የሚሉት ደግሞ ከ1891 ወዲህ ያለውን የንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት ምዝገባ ያመለክታሉ፤ «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ካለበት ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠራ ነው። የእንግሊዝ ዕቃ ላይ «አር.ዲ.» ከሚሉ ፊደላት ቀጥሎ የሚገኘው ቁጥር በ1884 የተጀመረው የንድፍ ምዝገባ ተከታታይ ቁጥር ነው። በፈረንሳይ ዕቃ ላይ «ብረቬቴ» ከሚለው ቃል ጋር ኤስ.ዤ.ዴ.ዤ. የሚሉ አራት ፊደላት ይገኛሉ፤ ትርጉማቸውም «ያለ መንግሥት ዋስትና» ማለት ነው። የፈረንሳይ መንግሥት በ1844 በወጣው ሕግ ፓተንት ሲሰጥ ዕቃው በእርግጥ ይሠራ እንደሆነ ዋስ እንደማይሆን ሕዝቡ እንዲያውቅለት ያስገደደው ጽሑፍ ነው፤ እስከ 1968 ድረስም ቆይቷል። ከባቡሩ ጋር በተያያዙ አሮጌ መሣሪያዎች ላይ እነዚህን አራት ፊደላት መፈለግ አይከፋም።

ዳሩ ግን አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ። የፓተንት ቀን የልደት ቀን አይደለም። በ1904 የተሰጠ ፓተንት የተቀረጸበት መፍቻ በ1904፣ በ1915 ወይም በ1925 ሊሠራ ይችላል፤ ቀኑ የሚነግረን መሣሪያው ከዚያ ቀድሞ ሊሠራ እንደማይችል ብቻ ነው። ሻጮች ይህን ልዩነት አያነሡትም፤ ገዢዎችም ብዙውን ጊዜ መስማት አይፈልጉም። የታወቀ ስም መኖሩም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስም ከባለቤት ወደ ባለቤት ይሸጣል፤ ስም ይሰረቃልም።

ጽሑፉን ብረቱ ራሱ ሊያረጋግጠው ወይም ሊያስተባብለው ይገባል። ቀልጦ በቅርጽ የተቀዳ ብረት በጎኑ ላይ ቀጭንና ሻካራ የመጋጠሚያ መስመር ይተዋል። በመዶሻ ኃይል በቅርጽ ውስጥ የተቀጠቀጠ ብረት ደግሞ የተረፈው ጠርዝ ተቆርጦ ስለሚሞረድ ሰፋ ያለና ለስለስ ያለ መስመር ይኖረዋል። ልባጩም እንዲሁ ይመሰክራል። ኒኬል ሞቅ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ጸዳል ሲኖረው፣ ክሮም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀዝቃዛ ብልጭታ አለው። የክሮም ልባጥ ለኢንዱስትሪ የበቃው በ1920ዎቹ አጋማሽ ነው። ስለሆነም የ1904 ፓተንት ያለበት መፍቻ በክሮም ቢያብለጨልጭ፣ ወይ የተሠራው ዘግይቶ ነው ወይ በኋላ ሰው ለብጦታል። በኮስ ዓይነቱ መፍቻ ላይ ደግሞ የእንጨት እጀታ መኖር አለመኖሩ ይታያል።

ተስተካካይ ፒንሳን በተመለከተ ታሪኩ አጠር ይላል። ቀደም ሲል የነበሩት ፒንሳዎች መጋጠሚያቸው ሁለት ቦታ ብቻ የሚንሸራተት ነበር። በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ሚድቪል ከተማ የነበረው ቻምፒዮን ዴአርመንት የተባለ ፋብሪካ መሐንዲስ ሃዋርድ ማኒንግ በ1933 አንዱ ክንድ ላይ ተከታታይ ቦዮች፣ ሌላው ላይ በቦዮቹ የሚገባ ምላስ ያለው ፒንሳ ሠራ፤ ፓተንቱም በ1934 ተሰጠ። መንጋጋዎቹ ሰፉም ጠበቡም ትይዩ ሆነው የሚቆዩት በዚህ ብልሃት ነው። ቻነልሎክ የሚለው ስም ከቦዮቹ የመጣ ሲሆን፣ የኩባንያው መጠሪያ የሆነው በ1963 ነው። የታወቀው ሰማያዊ እጀታ የመጣው በ1956 ስለሆነ እጀታው ባዶ ብረት የሆነ ፒንሳ ከዚያ የቀደመ ሊሆን ይችላል፤ ፕላስቲኩ ተልጦ ወልቆ ሊሆንም ይችላል፤ ስለዚህ የድርጅቱ ስም እንዴት እንደ ተጻፈ አብሮ ማየት ይገባል። ነክሶ የሚቆለፈውን ፒንሳ የፈለሰፈው ደግሞ ከዴንማርክ የመጣው አንጥረኛ ዊልያም ፒተርሰን ሲሆን፣ ፓተንቱን ያገኘው በ1924 ነው። በነብራስካ ግዛት በምትገኘው ትንሿ ዲዊት ከተማ የነበረው ፋብሪካ በ2008 ስለ ተዘጋ፣ የከተማዋ ስም ከቫይስግሪፕ ምልክት ጋር የተቀረጸበት ፒንሳ ከዚያ ዓመት ወዲህ ሊሠራ አይችልም።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስለ ፋብሪካው ነው። ሰብሳቢዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። በእኛ አስተያየት ግን ትልቁ ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ምክንያቱም የፋብሪካውን ታሪክ ስዊድናውያንና አሜሪካውያን ራሳቸው ጽፈውታል፤ መሣሪያው በእኛ አገር እጅ ውስጥ የኖረውን ኑሮ ግን ከእኛ በቀር የሚጽፈው የለም። ይህም ኑሮ በብረቱ ላይ ተጽፏል። በትክክል የሚሠራ ሰው ኃይሉ በቋሚው መንጋጋ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ መፍቻውን ይይዛል፤ ተንቀሳቃሹ መንጋጋ በቀጭን ሐዲድ ላይ የቆመ ስለሆነ ከባድ ጭነት አይችልም። ስለዚህ ተንቀሳቃሹ መንጋጋ ወደ ውጭ ተንጋዶ ከተገኘ መሣሪያው በግልባጭ ሲጎተት ኖሯል ማለት ነው። በእጀታው ጫፍ ዙሪያ ቀለበት የሚመስል ጭረት ካለ ቧንቧ ተሰክቶበታል። ቁጥሩን እንይ፤ 30 ሴንቲሜትር እጀታ ላይ 300 ኒውተን ኃይል ቢያርፍ ጠመዝማዡ ጉልበት 90 ኒውተን ሜትር ነው። ቧንቧ ተሰክቶ ርዝመቱ 90 ሴንቲሜትር ሲሆን ያው ክንድ 270 ኒውተን ሜትር ያወጣል፤ መፍቻው ለዚህ አልተሠራም። በጭንቅላቱ ጎን የመዶሻ ምት ካለ ደግሞ መዶሻ በጠፋበት ቦታ መዶሻ ሆኖ አገልግሏል። በብየዳ የተጠገነ መንጋጋ፣ ከሌላ መፍቻ ተወስዶ የተገጠመ ማዞሪያ ብሎን፣ በጩቤ የተፋቀ የባለቤት ምልክት፣ ወይም በቡጢ ብረት የተመታ የመሥሪያ ቤት ቁጥር፣ እነዚህ ሁሉ የውጭ አገር ሰብሳቢ «ጉድለት» ብሎ ዋጋ የሚቀንስባቸው ናቸው። እኛ ደግሞ ዋጋ የምንጨምርባቸው መሆን አለባቸው።

የማጽዳት ነገር የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። በቅድሚያ በጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ መብራት ከጎን ዝቅ አድርጎ ማብራት፤ ጥልቀቱ የጠፋ ፊደል በጥላው ይነሣል። ቀጥሎ ስስ ወረቀት አኑሮ በእርሳስ ማሸት፣ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ርዝመቱን፣ ክብደቱንና ማዕዘኑን መመዝገብ። ፊደል በብረት ላይ ሲመታ ከሥሩ ያለው ብረትም ስለሚጨመቅ፣ ላዩ ቢፋቅ እንኳ የወንጀል ምርመራ ባለሙያዎች በአሲድ እንደ ገና ሊያወጡት የሚችሉበት ጊዜ አለ፤ በመፍጫ ድንጋይ እስከ ሥሩ የተበላውን ግን ማንም አይመልሰውም። ዝገቱን ማስወገድ ግድ ከሆነ በሶዲየም ካርቦኔት ውኃ ውስጥ በኤሌክትሮሊሲስ ማድረግ ይቻላል። በአንድ ሊትር ውኃ ጥቂት ግራም ዱቄት ይበቃል፤ መሣሪያው ከባትሪ ቻርጀሩ አሉታዊ ጫፍ፣ ሌላ ተራ የብረት ቁራጭ ከአዎንታዊው ጫፍ ጋር ይያያዛል። አዎንታዊው ቁራጭ የማይዝግ ብረት ፈጽሞ መሆን የለበትም፤ መርዛማ የክሮሚየም ውሁድ ወደ ውኃው ይለቅቃልና። የሚወጣው ሃይድሮጅን ተቀጣጣይ ስለሆነም ሥራው ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ይሠራ። ኒኬል ወይም ክሮም የተለበጠ ከሆነ ይህ ዘዴ ይቅር፤ ዘይትና ለስላሳ የነሐስ ብሩሽ ይሻለዋል። ሆምጣጤም ዝገቱን ሲጨርስ ብረቱን ስለሚቀጥል በውስጡ ረስቶት የሚያድር ሰው እንዳይኖር።

«ሠርቶ አዳሪ በበዛበት አገር መፍቻ መሰብሰብ ቅንጦት አይደለምን?» የሚለውን ጥያቄ ከብዙዎች ሰምተናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የመልሱም ግማሽ ከጠያቂው ጋር ይስማማል። ከሚሠራበት መካኒክ እጅ መፍቻውን በገንዘብ አባብሎ የሚወስድ ሰብሳቢ ሁለት ጊዜ ያጠፋል፤ መካኒኩን ከጥሩ ብረት ወደ ደካማ ብረት ያወርደዋል፣ መፍቻውንም ከታሪኩ ይነጥለዋል። ስለሆነም የሚሠራ መሣሪያ እሠራበት ቦታ ይቆይ እንላለን። ለመመዝገብ ባለቤት መሆን አያስፈልግም። ወረቀት፣ እርሳስ፣ ማስመሪያና አንድ የሞባይል ካሜራ ያለው ተማሪ ዕቃውን ሳይገዛ ሊያነብበው ይችላል። «ጋሼ፣ ይህን መፍቻ ከማን አገኙት? በምን መኪና ላይ ሠሩበት?» ብሎ መጠየቅ ግን በሌላ ጊዜ ሊደረግ የሚችል ሥራ አይደለም። በአሮጌው የጅቡቲ መሥመር የድሬዳዋ ወርክሾፕ ሙያቸውን የተማሩ ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ከተመረቀ ወዲህ ያንን የመፍቻና የእንፋሎት ዘመን እውቀት ወርሶ የሚቀጥል ተተኪ መኖሩ ያጠራጥራል። በብረቱ ላይ ያለውን የመሥሪያ ቤት ቁጥር እኛ እናነብበው ይሆናል፤ ቁጥሩ የየትኛው ክፍል እንደ ነበረ፣ መሣሪያው ሲጠፋ ከማን ደመወዝ እንደሚቆረጥ፣ አዲስ ሠራተኛ ስንት ዓመት ሳይነካው እንደሚቆይ የሚያውቁት ግን እነርሱ ብቻ ናቸው።

ሥራውን ለመጀመርም ሩቅ መሄድ አያሻም። የሳይንስና የቴክኖሎጂ ፋኩልቲዎች ሁሉ አሮጌ ወርክሾፕ አላቸው፤ በወርክሾፑም ሞርሳው ሥር የሚገኝ፣ ከተከፈተ ብዙ ጊዜው የሆነ መሳቢያ አለ። በየጊዜው የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ይቀመጥና የመሳቢያው ይዘት «ያገለገሉ ልዩ ልዩ ብረታ ብረቶች» በሚል አንድ መስመር ተጽፎ በኪሎ ለጨረታ ይቀርባል። እኛ የምንጠይቀው ኮሚቴው ሥራውን እንዲተው አይደለም። ከጨረታው አንድ ሳምንት በፊት የፊዚክስ ወይም የኬሚስትሪ ተማሪዎች ወደዚያ መሳቢያ እንዲገቡ ይፈቀድላቸው፤ እያንዳንዱ መፍቻና ፒንሳ የራሱ አንድ ገጽ ይኑረው፤ በገጹ ላይ የእርሳስ እሽታው፣ ልኩ፣ ማዕዘኑ፣ የጉዳቱ ዓይነትና የወርክሾፑ አንጋፋ ቴክኒሺያን ስለ እርሱ የሚያስታውሱት ይጻፍበት። ለማሳያ የሚሆኑ አሥር ወይም አሥራ አምስት መሣሪያዎች ተለይተው በመስተዋት ሣጥን ይቀመጡ። የቀረው፣ የሚሠራው ለሚሠራበት ይሰጥ፣ የማይሠራውም ወደ ጨረታው ይሂድ። መዝገቡ ግን በቤተ መጻሕፍቱ ይቆይ።